በቦታዬ የተቀመጠችው

አዳማ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለአክስቴ ልጅ ለዘነበች፤ ዘመሮ

ክረምቱን እንዴት ወጣሽው? ኪዳነ ምሕረት ጤናሽን ትጠብቅልኝ እያልኩ፣ እኔ ከልጄ ከእመቤት ጋር ደኅና ነኝ። ይህን ለሚያነቡልሽ ለመሪጌታ አባይነህም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። በስልክ ሞክሬሽ ነበር። «ማነሽ? ማነሽ?» ብለሽ ብለሽ ዘጋሽብኝ። ጆሮሽ ለስልክ እንደማይሆን ገባኝ፤ ዓይንሽንም ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ስለዚህ በድሮው መንገድ እጽፍልሻለሁ። በግ ነጋዴው ኪዳነ ወልድ ለመስቀል ያመጣቸውን በጎች ሸጦ ሊመለስ ስለሆነ እሱ ያደርስልሻል።

ከመጣሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። እመቤት ከጡረታ በኋላ ብቻሽን አትኖሪም ብላ ነው ያመጣችኝ፤ እሷ ግን ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። አገሩ ሙቀት ነው። ያመጣሁት የበግ ፀጉር ባና ቁም ሳጥን ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ማን ይለብሰዋል? ዘመሮ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር ገበያ ወጥቼ ሰላምታ ሳልመልስ አሥር እርምጃ ተራምጄ አላውቅም። እዚህ ግን ገበያ ደርሼ እስክመለስ ስሜን የሚያውቅ የለም። ፓፓያ የምትሸጠው ልጅ «ማዘር» ትለኛለች።

ሁለት ነገር አደራ ልበልሽ። አንደኛው፣ ቤቴን ሐና ለምትባል አዲስ መምህርት አከራይቻለሁ። የመርሐቤቴ ልጅ ናት፤ ከዓለም ከተማ ነው የመጣችው። የእናንተ ብርድ እንዳይገድላት። እንግዳ ናትና ለእኔ እንደምትሆኚው ሁኚላት።

ሁለተኛው የኪዳነ ምሕረት ማኅበራችን ነገር ነው። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፣ አሥራ ሦስተኛ አይገባም። የራቀ ሰው ዘመዱ በስሙ ጽዋውን ካወጣለት ቦታው አንድ ዓመት ይጠበቅለታል። የእኔ ዓመት ነሐሴ 16 ይሞላል። እስከዚያ መጥቼ ራሴ እደግሳለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ከጎንሽ የተቀመጥኩበትን ቦታ ጠብቂልኝ።

የምትናፍቅሽ
ወለተኪዳን


ዘመሮ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለኪ ኦ እኅትነ! (ይህ የመሪጌታ ነው፤ በግዕዝ ካልጀመርኩ ብዕሬ አይሄድም ብለው ነው።)

እህቴ ወለተኪዳን፣ እንደምን አለሽልኝ? እመቤትስ ደኅና ናት? ከሥራ ስትገባ ትኩስ ነገር ቅመሺ በያት፤ እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ እህል ትረሳለች። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ገብሱ ዘንድሮ ውርጭ ነካ አድርጎት ነበር፤ ቢሆንም አልከፋም። አስካለ ማርያም መሐል ሜዳ ልጇ ዘንድ ጠቅልላ ሄደች። ቡና የምንጠራራው ሰው እያለቀ ነው።

አደራ ያልሽኝን ፈጽሜአለሁ። ሐናን በመጣች በሦስተኛው ቀን ከንፈሯ ጠቁሮ አየኋትና አሮጌውን ባናዬን ሰጠኋት። በሳምንቱ እንዝርት ገዝታ መጣች። የቆላ ልጅ የበግ ፀጉር ትፈትላለች ብሎ ማን ያምናል? መጀመሪያ ላይ ክሯ አንዴ እንደ ጣት ይወፍራል፣ አንዴ ይበጠሳል፤ አሁን ግን እኔን ልትቀድመኝ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንፈትላለን። እንዴት እንደምታስቀኝ! ሌላው ሰው ይጮህብኛል፤ እሷ ግን ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ ቀስ ብላ ነው የምታወራው፤ አንድ ቃል አያመልጠኝም።

ኅዳር 16 ማኅበሩ እኔ ቤት ነበር። ጠላውን አብራኝ ጠመቀች፣ ዳቦውን ደፋች፣ ሰው አስተናገደች። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ቆማ ስትቀር «ነይ እዚህ» ብዬ አንቺ ቦታ ላይ አስቀመጥኳት። ቦታው ባዶ ሆኖ ሳየው ሆዴን ያባባው ነበር። ሁኚላት ያልሽኝን ሆኛለሁና ደስ ይበልሽ።

እህትሽ ዘነበች
በመሪጌታ አባይነህ እጅ የተጻፈ


አዳማ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘነበች

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ደብዳቤሽ በገና ዋዜማ ደረሰኝ። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል።

አንዳንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያልሽው ያ የኛ ቅዳሜ ነው? እኔና አንቺ ከገበያ መልስ የምንቀመጥበት? የምትቀመጠውስ የት ነው? ከምድጃው በስተቀኝ ከሆነ እዚያ እኔ የማስቀምጣት ትንሽ መከዳ ነበረች፤ ለእሷ እንዳትሰጫት፤ ለኪዳነ ወልድ ስጪውና ያምጣልኝ። ያንቺን ባና እንኳ እኔ ለምኜሽ ሰጥተሽኝ አታውቂም። «አሮጌ ነው፣ አያምርብሽም» ትዪኝ ነበር። ለካ የሚያምርበት ሰው እየጠበቀ ነበር!

ሁኚላት አልኩሽ እንጂ እኔን አድርጊያት አላልኩም።

ስለኔ አታስቢ። እኔም እዚህ ወዳጅ አግኝቻለሁ። ወይዘሮ ሲና ትባላለች፤ ሁለት ፎቅ ያላት፣ መኪና የምትነዳ፣ የተከበረች ሴት ናት። ያለኔ ቡና አትጠጣም። የገና ዕለት ጥበብ ነጠላ አልብሻት በደስታ አለቀሰች። ሶደሬ አብረን ልንሄድ ነው።

እመቤት ሰላም ብላሻለች።

ወለተኪዳን


ዘመሮ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለኪ፣ ወለተኪዳን እህቴ፤

መከዳሽን ልኬልሻለሁ። አይጥ ጫፏን በልታው ነበር፤ ሐና ሰፍታዋለች።

ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ደረቴን ይዞኝ ተኝቼ ነበር። መሪጌታ ጸበል አመጡልኝ፤ ሐና ደግሞ ዘጠኝ ቀን እኔው ቤት አደረች። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ የገብስ አጥሚት ትሠራለች፣ ጀርባዬን ቅቤ ታሸኛለች። ልጅ ቢኖረኝ ከዚህ በላይ ምን ታደርግልኝ ነበር? አሁን ተነስቻለሁ።

ወይዘሮ ሲናን ሰላም በይልኝ። ለእኔ አንድ ቀን ጥበብ አልብሰሽኝ አታውቂም፤ ለኔ የሚደርሰኝ ያንቺን ልጅ የጠበባት ሹራብ ነበር። ይሁን፣ ፎቅ ያለው ሰው ጥበብ ይገባዋል! መሪጌታ ይህን አልጽፍም ብለው ነበር፤ ጻፉ ብያቸው ነው።

አንድ ነገር ላማክርሽ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን፣ ባለፈው ወር «የወለተኪዳን ዓመት ነሐሴ ላይ ይሞላል፤ ካልመጣች ቦታው ለመምህርት ሐና ቢሰጥስ?» አሉ። ሴቶቹም ሐሳቡን ወደዱት። እኔ መጀመሪያ አንቺን ልጠይቅ አልኩ። እሷ ራሷ ይህን አልጠየቀችም። ትመጫለሽ ወይ? የልብሽን ጻፊልኝ።

እህትሽ ዘነበች
በመሪጌታ አባይነህ እጅ


አዳማ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

መሪጌታ አባይነህ ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ አንድ ቃል ሳይቀንሱ፣ ሳያለዝቡ፣ ጮክ ብለው ያንብቡላት። በሚያምኑት ይሁንብዎ።

ዘነበች፣ የልብሽን ጻፊ ብለሻልና ጻፍኩ። ቀንቻለሁ። ቅናት አንጀቴን እየበላኝ ነው። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የልጅ ልጅ የሚታይበት ዕድሜ ላይ ነኝ፣ ግን ዓይኗን አይቼ በማላውቃት ልጅ ቀንቼ እህል አልወርድ ብሎኛል።

ያቺ ሴት ምን ቀራት? ቤቴ ውስጥ ትተኛለች። ቅዳሜዬን ወሰደች። ምድጃሽ ሥር ያለውን ቦታዬን ወሰደች። አሁን ደግሞ ማኅበሬን! ለማኝ እንኳ በር ላይ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ እሷ ሳትለምን ገብታ ተቀመጠች። መከዳዬን ሰፋችው አልሽኝ፤ ማን ስፊ አላት? ስፌቱን ተርትሬዋለሁ። አሮጊት ስታስታምም የምትውል ወጣት መምህርት ምን ፈልጋ እንደሆነ ጠይቂ፤ መሬትሽን ነው፣ ቤትሽን ነው? ጥርስ ስላሳየችሽ ልብሽን ሰጠሻት። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ቤቴን ለቃ ትሂድ!

ግን ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ ያንቺ ነው። እመቤትን የወለድኩ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን በተስቦ ተኝቼ ሳለ ሰው መጥቶ ነግሮኝ ነበር። አላመንኩም ነበር፤ ዛሬ አመንኩ። የአምስት ወር ልጅሽ ጽናት ሞታ አርባ ቀን ሳይሞላት፣ የሰው ልጅ አቅፈሽ ምንጭ ዳር የታየሽ ሴት ነሽ። በሞተች ልጅሽ ቦታ ሌላ ያስቀመጥሽ፣ በኔ ቦታ ሌላ ብታስቀምጪ ምን ይገርማል?

ቦታዬን አልሰጥም። አልሰጥም!

ወለተኪዳን


ዘመሮ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወለተኪዳን፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ለኛም መጽናናቱን ይስጠን። መሪጌታ አባይነህ የካቲት 9 ቀን ዐረፉ። ቅዳሴ ላይ ቆመው ሳለ ነው ጉልበታቸው የከዳቸው። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤዬን ጽፈው አንድ ቀን ለማንም አልተነፈሱም። ኪዳነ ወልድ ደብዳቤሽን ያመጣው በሰልስታቸው ዕለት ነው።

ዓይን የለኝ፣ መሪጌታ የሉ። ማን ያንብብልኝ? ያው ያቺን ጠራኋት። የሰደብሻት ልጅ ናት ስድብሽን ያነበበችልኝ፤ ይህንንም የምትጽፈው እሷ ናት።

ተቀምጣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ለማኝ ያልሽውን ስታነብ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ተይ፣ ይብቃሽ» ብላት፣ «ቃል ሳይቀነስ ተብሏል፣ እማማ» አለችኝ። ጨርሳ ደብዳቤውን አጥፋ ሰጠችኝና ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ያን ቀን እንዝርቷን አላነሳችም።

እኔን የተቆጣሽኝ ጥቂት ነው፤ አልቀየምኩሽም። መቅናትሽም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አላስከፋኝም፤ እኔም በዚያች ባለ ፎቅ ቀንቼ የለ? እሷን ግን በደልሻት። መሬቴን ፈልጋ ነው አልሽ፤ መሬቴ ለወንድሜ ልጆች ከተከፈለ ስንት ዘመኑ ነው! ለፋሲካ መልካም ቃል ጽፈሽ ላኪላት።

ዘነበች


(በዚያው ፖስታ ውስጥ ለብቻው የታጠፈ)

ይድረስ ለክብርት መምህርት ወለተኪዳን፤

ጤናዎን እየተመኘሁ፣ ይህን እማማ ዘነበች ሳያውቁ ስለምጽፍልዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስለ እኔ የጻፉትን አንድም ሳልቀንስ አንብቤላቸዋለሁ። ስለ ልጃቸው ስለ ጽናት የጻፉትን ግን አላነበብኩላቸውም፤ ዘልዬዋለሁ። በልቤ ይቅር ብዬዎት አይደለም። ገና አልቻልኩም። ግን እኔ ሐምሌ ላይ ልዛወርም እችላለሁ፤ እርስዎ ግን ለእሳቸው ይቀሩላቸዋል ብዬ ነው። እሳቸው ያንን ሳይሰሙ ቢኖሩ ይሻላል።

ማኅበሩን አልጠየቅሁም። ቤትዎን ሰኔ 30 አስረክባለሁ።

ሐና ቅጣው


አዳማ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘነበችና ለሐና፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሳችሁ። የመሪጌታን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ዜናቸውን ስሰማ ለብቻዬ ተቀምጬ አለቀስኩ። እዚህ አብሮኝ የሚያለቅስ ማን አለ?

ዘነበች፣ ወይዘሮ ሲና የምትባል ሴት አለች፤ ፎቁም አለ። ወዳጄ ግን አይደለችም። በሯ ላይ ሁለት ጊዜ ሰላም ብያታለሁ፤ በሁለተኛው «ሠራተኛ ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ። ነጠላውን ለማንም አልሰጠሁም፤ ያለው ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ዋሸሁሽ። ሰው የለኝም ማለት አፈርኩ።

አሁን ሐና፣ ላንቺ ነው። አንድ ነገር ዘለሻል። ደግነት ነው፤ አውቄልሻለሁ። ግን እንዳትቆጪኝ እንጂ በዚህም ቀናሁ። አንቺ የምታውቂው፣ እኔ የማውቀው፣ ዘነበች የማታውቀው ነገር ሊኖር ነው? ስልሳ ዓመት ስንኖር በኔና በእሷ መካከል የቆመ ሰው አልነበረም። አንቺም እንድትቆሚ አልፈልግም፤ ለደግነት እንኳ ቢሆን። የየካቲቱን ደብዳቤ አውጪና የዘለልሽውን ጆሮዋ ሥር ሆነሽ አንብቢላት። ከዚያ ይህን አስከትዪ፤ ዘነበች፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሰደብኳት ስድብ ሁሉ የከፋው ላንቺ የጻፍኩት ነው። ይቅር በይኝ አልልም፤ መጀመሪያ ስሚው።

ሐና፣ ቤቱን አትልቀቂ። መከዳዋን እንደገና ሰፍቻታለሁ፤ ያንቺን ያህል አላማረልኝም። ቦታዬን ለሐና ስጡ ብዬ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። አልሰጥም። ለነሐሴ እመጣለሁ።

ወለተኪዳን


ዘመሮ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወለተኪዳን፤

እንኳን ለፍልሰታ ፍቺ አደረሰሽ። ለነሐሴ እመጣለሁ ብለሽ ነበር፤ መንገዱ እንደተዘጋብሽ ኪዳነ ወልድ ነግሮኛል። ከሦስት ወር በላይ ዝም ያልኩሽ ግን በመንገዱ አይደለም፤ አኩርፌ ነው። ሐና አላነብም ብላ ሁለት ቀን ታገለችኝ። በመጨረሻ አነበበችልኝ። ድገሚው አልኳት፤ ደገመችው። ከዚያ ከቤት አልወጣሁም፤ ሰኔንና ሐምሌን ከማንም ጋር አልፈተልኩም።

አሁን ስሚኝ። ከትናንት በስቲያ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ሙሴው «የወለተኪዳን ቦታ እንዴት ይሁን?» አሉ። ለሐና ይሁን አልኩ። አንቺ መስጠት ስላቃተሽ እኔ ሰጠሁብሽ። ቅር ካለሽ መጥተሽ ተጣዪኝ።

እዚያው የራሴንም ተናገርኩ። ደንቡ እናት ስታርፍ ቦታዋን ልጅ ትውረስ ይላል። «እኔ ስሞት ቦታዬ ለእመቤት ይሁን» አልኩ። ሙሴው «እሷ የወለተኪዳን ልጅ አይደለችም ወይ? በምን ትወርስሻለች?» አሉኝ። «የጡት ልጄ ናት» አልኳቸው።

አንቺ በተስቦ ወድቀሽ ደብረ ብርሃን ሲወስዱሽ እመቤት የአሥራ አንድ ቀን ልጅ ነበረች። የላም ወተት ሰጧት፣ አልረጋላት አለ፤ አንጀቷ ታጥቦ ልትሞት ደረሰች። ጽናቴን ከቀበርኩ ሃያኛ ቀኔ ነበር። ጡቴ ሞልቶ ቀሚሴን ያረጥበዋል፤ ሰው እንዳያይብኝ ጋቢ ደራርቤ እቀመጥ ነበር። አክስቴ ወለተ ኢየሱስ፣ እናትሽ፣ ልጅሽን ባናቸው ውስጥ ሸሽገው መጡ። ደጄ ላይ ቆመው «ልጅሽ የሞተችብሽ ነሽ፤ ለማንም ብናገር እጇ ደግ አይደለም ይሉኛል። ግን ሌላ ሰው የለኝም» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። ልጅቷ ጡቴን ስትይዝ የኔዋ የተመለሰች መስሎኝ ጮህኩ። ከዚያ አየኋት፤ የኔ አልነበረችም። ቢሆንም አጠባኋት። ሰባት ሳምንት አጠባኋት።

ምንጭ ዳር ያየችን ሴት የማን ልጅ እንደሆነች አላወቀችም። እናትሽ «ለወለተኪዳን እንዳትነግሪያት፤ ልጄን ሌላ ሴት አጠባችብኝ ብላ ሆዷ ይቆስላል» ብለው ቃል አስገቡኝ፤ ቅናትሽን እሳቸውም ያውቁት ነበር። ድነሽ ስትመጪ ልጅቷን ከፊትሽ አስቀመጡልሽ፤ በላም ወተት አደገች ተባለ። አንቺም እኔ ቤት ገብተሽ «እስቲ እያት፣ እንዴት ወፍራለች!» ብለሽ አሳየሽኝ። እኔም ታምራለች አልኩሽ። ያን ዕለት የቀናሁብሽን ቅናት አንቺ ገና አልደረስሽበትም። ሠላሳ አራት ዓመት ያዝኩት።

አሁን እናትሽ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ፤ የገባሁላቸው ቃልም ከሳቸው ጋር ያረፈ ይመስለኛል። ለእመቤት ብትነግሪያትም ባትነግሪያትም ያንቺ ጉዳይ ነው። ብቻ መንገዱ ሲከፈት ይዘሻት ነይ። ከእጄ ከወሰዷት ወዲህ እንደ እንግዳ ነው የምስማት፤ አንድ ቀን እንኳ እንደ ልጄ አቅፌያት አላውቅም።

እህትሽ ዘነበች
በሐና እጅ የተጻፈ